የፋብሪካው ሙሕተሲብ



በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሰው ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሶሓባ፣ የታቢዒይ ወይም የታላቅ ዓሊም ታሪክ ነው፤ ሊሆንም ይገባል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ሙስሊም ያልነበረ፣ ከሞተም 160 ዓመት ያለፈው የአንድ ስኮትላንዳዊ ሰው ሕይወት ነው። ስሙ ሊዮናርድ ሆርነር ይባላል። በደርግ ዘመን በየውይይት ክበቡ የማርክስን «ካፒታል» ያገላበጡ ታላላቆቻችን ስሙን ሳያገኙት አልቀሩም፤ መጽሐፉ ስለ ሥራ ሰዓት በሚናገርበት ምዕራፍ ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሳል። ይሁንና ሆርነር ሶሻሊስት አልነበረም። የነጋዴ ልጅ፣ ራሱም ነጋዴ የነበረ ሰው ነው። እኔን ወደርሱ የሳበኝ የያዘው ሥራ ነው። ያ ሥራ በእኛ ኪታቦች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ስም አለው፤ ሒስባ ይባላል።

ሒስባ በጎ ነገር ሲተው ማዘዝ፣ መጥፎ ነገር ሲሠራ መከልከል ሲሆን፣ ይህን ኃላፊነት በገበያና በሥራ ቦታ ላይ በሹመት የሚወጣው ሰው ሙሕተሲብ ይባላል። ሙሕተሲብ ሚዛንና ስፍር ይመረምራል፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሥጋ ሻጩን፣ መድኃኒት ቀማሚውን ይጎበኛል። ከቃዲ የሚለየው አንዱ ነገር ከሳሽ እስኪመጣ ተቀምጦ አለመጠበቁ ነው፤ እርሱ ራሱ ተነስቶ ወደ ገበያው ይሄዳል። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል-ማወርዲ «አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ» በተባለው ኪታባቸው እንዳስረዱት፣ አሠሪ በተቀጠረው ሰው ላይ ወሰን አልፎ ደመወዙን ቢቀንስበት ወይም ሥራ ቢጨምርበት ሙሕተሲቡ ያስቆመዋል። እንስሳ እንኳ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን መከታተል የሙሕተሲቡ ድርሻ ነው። ይህ ኪታብ የተጻፈው ሆርነር ከመወለዱ ከ700 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

የሁሉም መሠረት ግን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አስተምረዋል፤ አሠርቶ ደመወዝ የከለከለን ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ እንደሚሟገተው ነግረውናል፤ በእጃችን ሥር ያሉትን ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አዘዋል። ይህን ያልሰማ ሙስሊም ማግኘት ያስቸግራል። ጥያቄው ሌላ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ትእዛዝ በየወርክሾፑ፣ በየመጋዘኑና በየፋብሪካው መፈጸሙን ማን ያያል? የሆርነር ሕይወት ከዚህ ጥያቄ ጋር የተደረገ የ26 ዓመት ትግል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ስለ አገራችን ከምናገርበት በስተቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝና በስኮትላንድ በውኃ ኃይል፣ ቀጥሎም በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች እንደ አሸን ፈሉ። ክር ሲበጠስ የሚቀጥሉት፣ ከማሽን ሥር እየገቡ የወደቀ ጥጥ የሚጠርጉት ሕፃናት ነበሩ፤ ጣታቸው ቀጭን፣ ቁመታቸው አጭር፣ ደመወዛቸውም ትንሽ ነበርና። የሥራው ቀን 12 እና 13 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርስ ነበር።

መንግሥቱ ሕግ አላወጣም እንዳይባል አውጥቷል። በ1802 በጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩ ተለማማጅ ልጆች በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ተደነገገ። አፈጻጸሙን እንዲያዩም በየአካባቢው አንድ ዳኛና አንድ ቄስ ያለ ክፍያ ጎብኚ ሆነው እንዲመረጡ ተባለ። በ1819 ደግሞ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር ሌላ ሕግ ወጣ። ሁለቱም ሕጎች በወረቀት ላይ ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳኞቹ የፋብሪካ ባለቤቶች ወይም የባለቤቶቹ ዘመድና ወዳጆች ነበሩ። ከሳሽ ሊሆን የሚችለው የሕፃኑ ወላጅ ደግሞ እንጀራው በዚያው ፋብሪካ የታሰረ ነው። ደመወዝ ተቀብሎ፣ በር አንኳክቶ፣ ገብቶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ባጭሩ ሕግ ነበረ፤ ሙሕተሲብ ግን አልነበረም።

ሊዮናርድ ሆርነር የተወለደው በ1785 በኤደንብራ ከተማ ነው። አባቱ የበፍታ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ፍራንሲስ ሆርነር በፓርላማ ስመ ጥር የሆነ፣ በገንዘብና በባንክ ጉዳይ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ሊዮናርድ በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪና የማዕድን ትምህርት ከተከታተለ በኋላ ገና በ19 ዓመቱ በአባቱ ንግድ ውስጥ ሸሪክ ሆኖ ወደ ለንደን ሄደ። ቀን ንግዱን ይሠራል፤ በትርፍ ጊዜው ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ያጠናል። በ1808 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር አባል ሆነ፤ ኋላም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሷል። ከሴት ልጆቹ አንዷን ያገባት ዝነኛው የሥነ ምድር ሊቅ ቻርልስ ላየል ነው።

የዚህን ሰው ልብ ለማወቅ ከፈለግን በ1821 የሠራውን ማየት ይበቃል። ኤደንብራ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር ሲጫወት፣ የእጅ ሥራ ባለሙያ የሆኑ ወጣቶች ሒሳብ መማር ቢፈልጉ አቅማቸው የሚፈቅደው ትምህርት ቤት እንደሌለ ይሰማል። ሰምቶ አልተወውም። ገንዘብ አሰባስቦ ሠራተኞች ማታ ማታ የሚማሩበትን የኤደንብራ የጥበባት ትምህርት ቤት አቋቋመ። ያ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ ሄርየት-ዋት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሆርነር ኋላ በ1827 አዲስ የተመሠረተውን የለንደን ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተዳድር ተመረጠ፤ ከፕሮፌሰሮቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1831 ለቀቀ።

በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ በሠራተኞችና በተሟጋቾች ግፊት አዲስ የፋብሪካ ሕግ አወጣ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ የሐር ፋብሪካዎች ግን ከዚህ ነፃ ተደረጉ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለው በቀን ከ9 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከ18 በታች የሆነ ሌሊት አይሠራም። ትንንሾቹ በየቀኑ 2 ሰዓት ይማራሉ። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ ጭካኔ እንጂ ርኅራኄ ላይታየው ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሕግ ውስጥ ከቀደሙት የሚለይ አንድ አንቀጽ ነበር። ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ለባለ ፋብሪካ ያልገበሩ፣ ፋብሪካው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ መግባት የሚችሉ አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ከአራቱ አንዱ በ48 ዓመቱ ሆርነር ሆነ።

አራት ሰዎች፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ፋብሪካዎች! መጀመሪያ የደረሰው ክልል ስኮትላንድን፣ ሰሜን አየርላንድንና ሰሜናዊውን የእንግሊዝ ጫፍ የሚያጠቃልል ነበር፤ ባቡር ገና ባልተስፋፋበት ዘመን በጋሪና በመርከብ ይዞረው ነበር። ከ1836 በኋላ ደግሞ የጥጥ ሥራ ማዕከል የሆነው ላንካሸር፣ ማለትም የማንቸስተር አካባቢ፣ በርሱ እጅ ወደቀ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሆርነር ለባለ ፋብሪካዎች የለዘበ ነው ተብሎ በሠራተኞች ማኅበራት ይወቀስ ነበር። ወቀሳው ከባዶ የመጣ አልነበረም። አብዛኞቹ ባለቤቶች ሕጉ ሲገባቸው በፈቃዳቸው ያከብሩታል የሚል እምነት ነበረው። ምክር ይሰጣል፣ ያስረዳል፣ ጊዜ ይሰጣል። ሕግን በማስተማር መጀመሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የእኛም ዑለማኦች ሙሕተሲብ ከመቅጣቱ በፊት ማሳወቅና መምከር እንዳለበት ያስተምራሉ። ነገር ግን ምክር ከትርፍ ጋር ሲጋጠም ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ምክር ነው። ሆርነር ይህን የተማረው በየፋብሪካው ባየው ማታለል ነበር።

የመጀመሪያው ማታለል በዕድሜ ላይ ነበር። በእንግሊዝ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው። ስለዚህ ሕፃኑ 9 ዓመት መሙላቱን የሚያረጋግጥ መዝገብ የለም፤ አንድ ሐኪም አይቶ መልኩ ዕድሜውን ይመስላል ብሎ ይፈርማል። ታላቁ ልጅ ለሐኪሙ ቀርቦ ወረቀቱን ያገኛል፤ ታናሹ ያንኑ ወረቀት ይዞ ፋብሪካ ይገባል። ለማንም የሚፈርም ሐኪምም አልጠፋም። ሆርነር የልጆችን ቁመት በብዛት እያስለካ፣ በየከተማው የታመነ ሐኪም እየመረጠ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ደከመ። የሚያሳዝነው በዚህ ማታለል ውስጥ ወላጅም እጁ መኖሩ ነው። ድህነት አባትን በልጁ ላይ የባለ ፋብሪካው ተባባሪ ያደርገዋል።

ሁለተኛው በትምህርት ላይ ነበር። ሕጉ ልጁ መማሩን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ሆርነር ወረቀቶቹን ሲመረምር በስማቸው ፋንታ የመስቀል ምልክት አድርገው የፈረሙ አስተማሪዎች አገኘ። አስተማሪው ራሱ መጻፍ አይችልም! በ1843 ባቀረበው ሪፖርት ኦልድሃምና አሽተን በሚባሉት የፋብሪካ ከተሞች አካባቢ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ሥፍራ፣ ለድሃ ልጆች የተከፈተ አንድም የሕዝብ የቀን ትምህርት ቤት እንደሌለ ገለጸ። ሕጉ ተማሩ ይላል፤ የሚማሩበት ቤት ግን አልተሠራም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው በፍርድ ላይ ነበር። ተቆጣጣሪው ከስሶ ያመጣውን ባለ ፋብሪካ የሚዳኙት ሌሎች ባለ ፋብሪካዎች ናቸው። ወይ ያሰናብቱታል፤ ወይ ደግሞ ከጥፋቱ ትርፍ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ቅጣት ይጥሉበታል። ቅጣቱን ከፍሎ ሕጉን መጣስ ሕጉን ከማክበር ይልቅ ረክሶ ተገኘ። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ሆርነር የያዘው አቋም ለእኛ ነጋዴዎች ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሕግ ሳይፈጸም ሲቀር የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ሕግ አክባሪው ባለ ሀብትም ይጎዳል። አላህን ፈርቶ፣ ወይም ሕጉን አክብሮ፣ ሠራተኞቹን በሰዓታቸው የሚያሰናብት ሰው፣ ጎረቤቱ እስከ ሌሊት እያሠራ በርካሽ ሲሸጥ ከገበያ ይወጣል። ቁጥጥር በሌለበት ገበያ ደግ ሰው ለደግነቱ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የነጋዴ ጠላት አይደለም፤ የሐቀኛው ነጋዴ ጠባቂ ነው።

በ1837 ሲኒየር የተባለ የኦክስፎርድ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ የፋብሪካ ትርፍ በሙሉ የሚገኘው በመጨረሻው የሥራ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሰዓት ከተቀነሰ ኢንዱስትሪው ይጠፋል ሲል ጽፎ ነበር። ሆርነር ፋብሪካዎቹን በዓይኑ ያየ ሰው ነበርና አልተቀበለውም፤ የጽሑፍ መልስም ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማስረጃው መጣ። በፕሬስተን ከተማ ጋርድነር የተባለ ባለ ፋብሪካ ከ1844 ሚያዝያ ወር ጀምሮ ሥራውን ከ12 ወደ 11 ሰዓት ዝቅ አደረገ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ሲታይ የምርቱ መጠን አልቀነሰም፤ ሠራተኞቹም የሚያገኙት ገንዘብ አልጎደለም። ያልደከመ እጅ ይፈጥናል፣ ያልደከመ ዓይን አይሳሳትም። ሆርነር ይህን በሪፖርቱ አወጣው።

የተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርቶች በየስድስት ወሩ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ እየቀረቡ ታትመው ለፓርላማና ለሕዝብ ይደርሱ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ሪፖርት ማንንም አያስፈራም። ለንደን ላይ ማርክስ «ካፒታል»ን ሲጽፍ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ ያገኘው ማስረጃ በብዛት የመጣው ከነዚህ የመንግሥት ወረቀቶች ነው፤ ሆርነርንም ለእንግሊዝ ሠራተኛ የማይረሳ ውለታ የዋለ ሰው አድርጎ አመስግኖታል። ሁለቱ በአመለካከት አይገናኙም ነበር፤ ሐቅ ግን አገናኛቸው።

ከ1840 ጀምሮ ሆርነር በማዕድን ጉድጓድ ስለሚሠሩ ሕፃናት የሚመረምረው ኮሚሽን አባል ሆኖም ሠርቷል። የኮሚሽኑ ሪፖርት በ1842 ሲወጣ አገሩ ደነገጠ፤ በዚያው ዓመት ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት ሥር እንዳይሠሩ ተከለከለ። በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ደግሞ ሆርነርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲጮሁለት የነበረውን ብዙ ነገር ያዘ። የዕድሜ ምስክር የሚሰጠውን ሐኪም ተቆጣጣሪው ይሾመዋል፤ አስተማሪው ወረቀቱን በገዛ እጁ ይሞላል፤ የሕፃናት ሥራ በቀን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል፤ ሴቶችም በሕጉ ጥበቃ ሥር ይገባሉ፤ አደገኛ የማሽን ክፍሎች ይታጠራሉ። የፋብሪካ ባለቤት፣ አባቱ፣ ልጁና ወንድሙም በፋብሪካ ሕግ ክስ ላይ በዳኝነት እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም።

በ1847 ዝነኛው የ10 ሰዓት ሕግ ወጣ። ከግንቦት 1848 ጀምሮ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አይሠሩም ተባለ። ባለ ፋብሪካዎቹ ፈረቃ የሚሉት ዘዴ ፈጠሩ። ፋብሪካው ከንጋት እስከ ምሽት 15 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ሠራተኛውን አንድ ሰዓት ያስገቡታል፣ ያስወጡታል፣ እንደገና ያስገቡታል። በወረቀት ላይ 10 ሰዓት ብቻ ሠርቷል። ቀኑ ግን በሙሉ የፋብሪካው ሆነ፤ ቤቱ ሄዶ ማረፍ፣ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ አይችልም። በዚህ ሁሉ መግባትና መውጣት መካከል ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ ተቆጣጣሪው ሊያጣራ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ የዘዴው ዓላማም ይኸው ነበር።

ሆርነር ከሰሰ። በስቶክፖርት ከተማ የሆነው የሚገርም ነው። አንድ ባለ ፋብሪካ የፈረቃ ዕቅዱን ለተቆጣጣሪው አቅርቦ ተከለከለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመሳሳይ ዘዴ የተጠቀመ ሌላ ባለ ፋብሪካ ሲከሰስ፣ ያው ሰው ከዳኞቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጦ በነፃ አሰናበተው። በነሐሴ 1848 ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ ወጣቶች ከተፈቀደው ሰዓት በላይ መሥራታቸው ካልታወቀ በቀር በፈረቃ ምክንያት ብቻ ክስ እንዳይመሠረት ለተቆጣጣሪዎቹ ሰርኩላር ላኩ። የስኮትላንዱ ተቆጣጣሪ ተቀበለ። ሆርነርና በእንግሊዝ ያሉ ባልደረቦቹ ግን ሚኒስትር በደብዳቤ ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ማገድ አይችልም ብለው መክሰሳቸውን ቀጠሉ። የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኖ፣ በ63 ዓመቱ፣ የገዛ አለቃውን ደብዳቤ ከሕጉ በታች አድርጎ ማየት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

በየካቲት 1850 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረቃው የሕጉን ቃል አይጥስም ሲል ፈረደ። ሆርነር ተሸነፈ። ነገር ግን ሽንፈቱ የሕጉን ቀዳዳ ለሁሉም አሳየ። በዚያው ዓመት ፓርላማው የሥራውን ቀን መነሻና መድረሻ ወሰነ። እነዚህ ሠራተኞች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12፣ ወይም ከ1 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ይሠራሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ለምግብ ይሰጣቸዋል፤ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ ያቆማሉ። በምትኩ ሠራተኞቹ በአዘቦት ቀን ግማሽ ሰዓት ተጨመረባቸው። ለሕፃናቱ ይኸው ገደብ የደረሰው በ1853 ነው። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪ ጥፋቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓቱን አይቶ የፋብሪካውን ድምፅ መስማት ብቻ ሆነ። የጠፋ ኢንዱስትሪም አልነበረም፤ በቀጣዮቹ 10 ዓመታት የእንግሊዝ የጥጥ ሥራ ከቀድሞው ይበልጥ አደገ።

የመጨረሻው ትግሉ ስለ ሰው አካል ነበር። በፋብሪካው ጣሪያ ሥር የሚሽከረከረው ዘንግና ቺንጊያ የሴቶችን ፀጉርና ቀሚስ እየያዘ ብዙዎችን ይገድልና አካለ ስንኩል ያደርግ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ከፍ ብሎ የተሰቀለውም ዘንግ ሁሉ እንዲታጠር ሲያዝዙ፣ ባለ ፋብሪካዎች በ1855 ማንቸስተር ላይ ማኅበር አቋቁመው በጋራ ተሟገቱ። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ይህ ማኅበር ክፉኛ ተዘለፈ። ሆኖም በ1856 የአጥር ግዴታው ላላ። ሆርነር ይህን ኀዘን ይዞ እስከ 1859 ሠርቶ በ74 ዓመቱ ጡረታ ወጣ፤ በመጋቢት 1864 ለንደን ውስጥ ሞተ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ እኛንም ስለሚነካ ነው። ሆርነር በተቆጣጣሪነት እያለ ከ1851 እስከ 1854 በግብፅ፣ በሄልዮፖሊስና በሜምፊስ፣ የዓባይ ደለል በጥልቀት እየተቆፈረ እንዲጠና አድርጓል። ገንዘብ የሰጡት የለንደን ሮያል ሶሳይቲና የግብፁ ገዥ ዐባስ ፓሻ ነበሩ። በየዓመቱ በጎርፍ የሚነባበረው ያ ደለል አብዛኛው ከእኛ ደጋ የተጠረገ አፈር ነው። የእኛን አፈር ውፍረት እየለካ የዘመንን ርዝመት ለማወቅ የሞከረ ሰው ነበር ማለት ነው። በደለሉም በፋብሪካውም የተከተለው ጠባይ አንድ ነው፤ ወርዶ ማየት፣ መለካት፣ የታየውን መጻፍ።

ሆርነርን ወሊይ ለማድረግ አልተነሳሁም። ሕፃናት ጨርሶ ከፋብሪካ ይውጡ አላለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ የሥራ ሰዓቱ በሕግ ይወሰን የሚለውንም አልደገፈም። የጠበቀው ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን እንጂ ሌላውን ሥራ አልነካም፤ ጭስ ማውጫ የሚጠርገውን ሕፃን፣ በሰው ቤት የምታገለግለውን ልጅ አላየም። ግን በእጁ የተሰጠውን አማና ጠብቋል።

አሁን ወደራሳችን እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም በሥራ ሰዓት ያለ ማስታወቂያ ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቶታል። ሆርነር ይህን ሕግ ቢያይ ይቀናበት ነበር እላለሁ። ግን ወዲያውኑ የሚጠይቀው ጥያቄም ይታየኛል። በእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ስንት ተቆጣጣሪ አለ? ያየውን የሚያነበው ማነው? ቅጣቱስ ከጥፋቱ ትርፍ ይበልጣል ወይ? የልጁ ዕድሜ በምን ይታወቃል? በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ለሥራ የደረሱት አብዛኞቹ ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። የላንካሸር ችግር ከእኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላው ነው። ይህ አዋጅ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉትን አይሸፍንም። ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ግቢ ውስጥ ስለሚበደሉ እህቶቻችን ስንሰማ እናለቅሳለን፤ ልናለቅስም ይገባል። በደላቸው የጸናው ያንን በር አንኳክቶ የሚገባ ሙሕተሲብ ባለመኖሩ ነው። ታዲያ በእኛ ቤት ከገጠር መጥታ ከፈጅር በፊት ተነስታ ከዒሻ በኋላ የምትተኛውን ልጅ በር ማን ያንኳኳላታል? መርካቶ ውስጥ በመደብራችን ጓዳ ዕቃ የሚሸከመውን፣ ሶላት ለመስገድ እንኳ ፈቃድ የሚለምነውን ልጅ ማን ያየዋል? በረመዳን የምናስፈጥራቸው ሚስኪኖች ከቤታችን ሠራተኛ ይልቅ የራቁን ናቸው። ዘካ የሠራተኛን ደመወዝ አይተካም፤ ሶደቃም ያለ ዕረፍት የተወሰደበትን ሰዓት አይመልስለትም።

በእኔ እምነት ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ለሦስት ሰዎች ነው። ተቆጣጣሪ ሆኖ የተቀጠረ ሙስሊም ወንድማችን ሥራው ወረቀት መሙላት ሳይሆን የሙሕተሲብ አማና መሆኑን ይወቅ፤ የሚቀርብለት ሻይና ጉርሻ በሌላ ሰው ላብ የተገዛ ነውና። አሠሪ የሆነው ወንድማችን ተቆጣጣሪ ሳይመጣበት ራሱን ይቆጣጠር፤ የሠራተኛውን ሰዓትና ደመወዝ ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ያስላ። ጎረቤትና ዘመድ የሆነው ደግሞ አይቶ አይለፍ፤ መልካም መንገድ እያለ ዝምታን አይምረጥ።

በቁርኣን ውስጥ ሰፍረው ሲቀበሉ የሚያሞሉ፣ ሰፍረው ሲሰጡ የሚያጎድሉ ሰዎች የተወገዙበት ሙሉ ሱራ አለ፤ ሱረቱል ሙጦፊፊን። ስለ እህልና ስለ ዘይት ሚዛን ብቻ የሚናገር አድርገን እናነበዋለን። የሰው ጉልበትና የሰው ዕድሜም ይሰፈራል። የሠራተኛውን ቀን ሙሉ ተቀብሎ ደመወዙን አጉድሎ የሚሰጥ ሰው ከሚዛን አጭበርባሪው በምን ይለያል? የምድር ተቆጣጣሪ አንድ ቀን ላይደርስ ይችላል፤ የማይዘነጋው መዝጋቢ ግን በየሰዓቱ ይጽፋል። አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ሥር ላሉት ሰዎች ፍትሐዊ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።